ቆዳ ላይ የወጣ እብጠት፦ ኪንታሮትን፣ ጉርብርብንና ሳርኮይድን ለይቶ የመያዝ ዝርዝር መመሪያ

ከብት ቆዳ ላይ እብጠት ሲታይ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ምላጭ፣ የጋለ ብረት ወይም የቁልቋል ወተት ነው። እብጠቱ በቫይረስ የመጣ ከሆነ ግን ሦስቱም ሊጎዱ ይችላሉ። የጥጃ ኪንታሮት አብዛኛውን ጊዜ ሳይነኩት ይረግፋል። ጉርብርብ (ሐኪሙ ላምፒ ስኪን የሚለው የከብት በሽታ) ቢተኮስም ቢቆረጥም በደም ውስጥ ያለው በሽታ ንቅንቅ አይልም። የአህያና የፈረስ ሳርኮይድ የሚባለው የቆዳ ዕጢ ደግሞ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ከቀረ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ስለዚህ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ግድ ነው፤ ለዚህም ቴርሞሜትር፣ ሁለት ጣትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

መለየት

መጀመሪያ ሙቀት ይለኩ። ጠዋት፣ ከብቱ በጥላ ሥር እያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ እንስሳ ሳይታመምም ሙቀቱ ከፍ ሊል ይችላል። የቴርሞሜትሩን ጫፍ ቫዝሊን ይቀቡና ወደ ፊንጢጣ ሲያስገቡ ትንሽ አዘንብለው ግድግዳውን ያስነኩት። ፋንድያ መሐል ከተሰካ የሚያነቡት ቁጥር የፋንድያውን ሙቀት ነው። ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። የጤነኛ ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ40.5 በላይ ካነበቡ ኪንታሮትን ከሐሳብዎ ያውጡ፤ ኪንታሮት አያተኩስም። ሙቀቱ ደህና ሆኖ መገኘቱ ግን ጉርብርብ አይደለም ማለት አይደለም፤ የጉርብርብ ትኩሳት እብጠቱ ከመውጣቱ በፊት ስለሚጀምር እርስዎ በሚለኩበት ሰዓት በርዶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጣት ነው። ጓንት አድርገው እብጠቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይቆንጥጡት። ኪንታሮት ከቆዳው በላይ የበቀለ ነገር ነው፤ ላዩ ሻካራ፣ የተሰነጣጠቀ፣ አበባ ጎመን የሚመስል፣ ብዙ ጊዜም ሥሩ ላይ ቀጠን ያለ ግንድ ያለው ነው። የጉርብርብ እብጠት በቆዳው ውፍረት ውስጥ የተቀበረ ጠንካራ ክብ ነው፤ ሲያነሱት ቆዳው አብሮ ይነሳል፣ ላዩ ላይ ያለው ፀጉር ይቆማል፣ ስፋቱም በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ከዚያ ከትከሻው ፊትና ከኋላ ጉልበት ከፍ ብሎ በሽንጡ በኩል ያሉትን ንፍፊቶች ይዳስሱ። በጉርብርብ እነዚህ አብጠው ከሩቅ እንኳ ይታያሉ፤ በኪንታሮት አያብጡም።

ሦስተኛው ጥያቄ የፍጥነት ነው። ኪንታሮት በሳምንታትና በወራት ያድጋል፤ ጉርብርብ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ከአንገት እስከ ጭራ ሊሞላ ይችላል። «ትናንት አልነበረም» ካለዎት እረኛውን ይመኑት።

የሚያሳስቱም አሉ። መዥገር የነከሰው ቦታ ያብጣል፣ ግን መሐሉ ላይ የንክሻው ምልክት ይታያል። ጭርት ፀጉር የረገፈበት ክብ አመድማ ቅርፊት ነው፣ ከሥሩ እብጠት የለውም። ዴርማቶፊሎሲስ የሚባለው በባክቴሪያ የሚመጣ የቆዳ በሽታ በዝናብ ወራት ፀጉሩን እንደ ብሩሽ አጣብቆ የሚይዝ ቅርፊት ያወጣል፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ እርጥብና ቀይ ነው። ሐኪምን እንኳ የሚያደናግረው የከብት ሄርፐስ ቫይረስ ቁጥር 2 የሚያመጣው ሐሰተኛ ጉርብርብ ነው። እብጠቱ ከላይ ከላይ ብቻ ነው፣ መሐሉ ጎድጎድ ይላል፣ በሁለት ሳምንት ገደማም ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለያቸው ላቦራቶሪ ነው።

ኪንታሮት፦ ብዙ መጠበቅ፣ ጥቂት መቁረጥ

ኪንታሮትን የሚያመጣው ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ጥጆች፣ ጊደሮችና ወይፈኖች ላይ ይበዛል። ቫይረሱ ያልተጫረ ቆዳ አልፎ አይገባም፤ ጭረቱን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንሰጠው እኛ ነን፦ የጆሮ ቁጥር መብሻ፣ የቀንድ መቁረጫ፣ የማኮላሻ መሣሪያ፣ ከአንዱ አንገት ወደ ሌላው የሚዞር ገመድ፣ የሾህ አጥር። ኪንታሮቱ በጆሮ ቁጥሩ ቀዳዳ ዙሪያ ከበቀለ ወይም ገመዱ በሚያርፍበት መስመር ተሰልፎ ከወጣ ጥፋተኛው መሣሪያው ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ እስኪታይ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ስለሚወስድ ምክንያቱን ሲፈልጉ ባለፈው ሳምንት የሆነውን ሳይሆን ባለፈው ወቅት የተሠራውን ያስታውሱ።

በአብዛኛው ጥጃ ላይ ኪንታሮቱ በጥቂት ወራት፣ ቢዘገይ በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱ ይረግፋል። ገበያ ላይ ያለው የኪንታሮት መድኃኒት ሁሉ ስሙ የገነነውም በዚህ ነው፤ ስድስት ወር የሚቀባ ሰው ምንም ቢቀባ «አዳነልኝ» ይላል። በየሁለት ሳምንቱ ከጎኑ ማስመሪያ ይዘው በስልክ ፎቶ ያንሱት። ላዩ እየደረቀ፣ እየጠቆረና ሥሩ እየቀጠነ ከሄደ ወደ መርገፉ ነው፤ ይተዉት።

የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት መቀባት በየቦታው የተለመደ ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብሌኑን ይጎዳል፤ የቀባውን ሰው ዓይንም ጭምር። ፊት ላይ በፍጹም አይቀቡት። ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያለማቋረጥ አጥበው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጣልቃ የሚገባው ኪንታሮቱ ማለብ ሲከለክል፣ ዓይን ሲጋርድ፣ እየተጋጨ ሲደማና ሲተላ፣ ወይም የኮርማ ብልት ላይ ሲወጣ ነው። የመጨረሻው የሐኪም ሥራ ነው፤ ኮርማው ሲያጠቃ ይደማል፣ ቆይቶም ማጥቃቱን ሊተው ይችላል። ለሌላው፣ ግንዱ ቀጭን ከሆነ ማሰር ይሠራል። ገና በማደግ ላይ ያለ ኪንታሮት ሲቆረጥ የቀሩት ሊፋጠኑ ስለሚችሉ እድገቱ እስኪቆም ይጠብቁ። ከዚያም፦

1. ከብቱን በክራሽ (ከብት ቆሞ በሚያዝበት ጠባብ ማገጃ) ወይም በጠንካራ ምሰሶ አስረው ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፣ አዮዲን ይቀቡ።
2. ሐኪሙ ወይም የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሥሩ ዙሪያ 2 በመቶ ሊዶካይን የተባለ ማደንዘዣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ወግቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። መርፌው እብጠቱ ውስጥ አይገባም፤ በዙሪያው ባለው ጤነኛ ቆዳ ሥር ነው።
3. ወፍራም የስፌት ሐር ወይም የበግ ማኮላሻ የላስቲክ ቀለበት ቆዳውን ሳይነክስ፣ ግንዱ ከቆዳ በሚገናኝበት ቦታ ጠብቆ ይታሰራል። ከማሰሪያው በላይ ያለው ቀለሙ ካልተለወጠ አልጠበቀም።
4. በሦስተኛው ቀን ይዩት፤ ላልቶ ከሆነ በላዩ ሌላ ማሰሪያ ያስሩበት። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይወድቃል።
5. የወደቀውን ያቃጥሉት። ቁስሉን አዮዲንና የዝንብ መከላከያ ቅባት ይቀቡ።

የፈረስ ጭራ ብዙ ቦታ ለዚህ ያገለግላል። ችግሩ ቅጥነቱ ነው፤ ደሙን አንቆ ማድረቁ ቀርቶ ሥጋውን ይቆርጥና ያደማል፣ ደሙ የነካው ሌላ ጭረት ላይም አዲስ ኪንታሮት ይበቅላል።

ጡት ጫፍ ላይ የሚወጣው ጠፍጣፋና ትንንሽ ዓይነት ግንድ ስለሌለው አይታሰርም፤ እንደሌላውም ቶሎ አይረግፍም። ላሟን መጨረሻ ላይ ይለቡ፣ ከለቡ በኋላ ጡቶቿን የአዮዲን መንከሪያ ውስጥ ይንከሩ፣ እጅዎን ይታጠቡ፣ ፎጣዋን ለሌላ ላም አይጠቀሙ።

ብዙ ጥጆች በአንድ ጊዜ ከተያዙ ከራሳቸው ኪንታሮት ላቦራቶሪ ውስጥ የሚዘጋጅ ክትባት አለ። ከተለያዩ ጥጆች የተቆረጠ ኪንታሮት ተፈጭቶ፣ ቫይረሱ በፎርማሊን ተገድሎ፣ ተጣርቶ ይወጋል፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም ይደገማል። ያልያዛቸውን ከመያዝ በመጠበቅ በኩል ይሻላል፤ የተያዙትን በማዳን በኩል ብዙ አይመኩበት። ቤት ውስጥ ፈጭቶ መውጋት ግን በሽታን በገዛ እጅ ማሰራጨት ነው።

መሣሪያን በተመለከተ፦ ይህ ቫይረስ አልኮልን ይቋቋማል። መብሻውን በአልኮል ጨርቅ ጠርጎ ወደ ቀጣዩ ጥጃ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። ደሙንና ሥጋውን በሳሙናና በብሩሽ አስለቅቀው በረኪና ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ወይም ብረቱን በደንብ ይቀቅሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዓይኗ ዙሪያ ነጭ ወይም ሮዝ ቆዳ ያላት ላም፣ በተለይ የፈረንጅ ዝርያ ክልስ፣ ቆብ ላይ ወይም በውስጠኛው የዓይን ማዕዘን ትንሽ ኪንታሮት መሳይ ነገር ካወጣች አይጠብቁ። በደጋ ፀሐይ እንዲህ ያለው ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። የባቄላ ፍሬ ሳያክል በማደንዘዣ ማውጣት ቀላል ነው፤ ቆስሎ መሽተት ከጀመረ ግን የሚቀረው ዓይኑን ማውጣት ወይም ላሟን ማሰናበት ነው።

ጉርብርብ፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ገበሬው ጉርብርብ፣ ሐኪሙ ላምፒ ስኪን የሚለው በሽታ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1929 እ.ኤ.አ. በዛምቢያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ታየ፣ ከዚያ አገሩን አዳረሰ። ከከብት ወደ ከብት የሚያሻግሩት የሚነክሱ ዝንቦች፣ ትንኞችና መዥገሮች ናቸው፤ ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚብሰውም ለዚህ ነው። ሰውን አይይዝም። ክልስ ላሞችን ከሀገረሰብ ዜቡ (ባለ ሻኛ ከብት) ይልቅ አጥብቆ ይጎዳል፤ ወተት ይደርቃል፣ እርጉዟ ትጨነግፋለች፣ ኮርማው ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው ይመክናል፣ ቆዳውም ይበሳሳና ዋጋ ያጣል።

ከተጠረጠረ በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ ማሳወቅ የሚገባ በሽታ ነው። የታመመውን ለብቻው ያስሩ። መለየት ብቻውን ግን ዝንብን አያግድም፤ ፋንድያውን በየቀኑ ያንሱ፣ የቆመ ውሃ ያፍስሱ፣ ጤነኞቹንም ጭምር የዝንብና የመዥገር መከላከያ ያፍስሱባቸው ወይም ይርጩባቸው። ከብት ወደ ገበያም ወደ ጋራ ግጦሽም አይወጣም። በጎረቤት ኮርማ ማስጠቃትም ይቁም፤ ቫይረሱ በዘር ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል።

ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። አንቲባዮቲክ የሚሰጠው የቆሰለውን ቆዳና ሳንባ ሌላ ባክቴሪያ እንዳያጠቃው ነው። ሐኪሙ ባለ 20 በመቶ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኦክሲቴትራሳይክሊን ካዘዘ የተለመደው መጠን ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር፣ ጡንቻ ውስጥ ጠልቆ ነው፤ 250 ኪሎ ለምትመዝን ላም 25 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ በአንድ ቦታም ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ አይወጋም። ወተቱ የማይጠጣባቸው ቀናት ጠርሙሱ ላይ አሉ፤ ያክብሯቸው። ለትኩሳቱና ለሕመሙ ሜሎክሲካም በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይሰጣል። ዲክሎፌናክ ርካሽ ቢሆንም አይጠቀሙ፤ ዲክሎፌናክ የተወጋ ከብት ሞቶ ሲጣል ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተጎድቶ ይሞታል፣ ደቡብ እስያ ውስጥ ጥንብ አንሳን ያመናመነው ይኸው መድኃኒት ነው።

አብዛኛውን ከብት የሚያድነው ግን ማስታመም ነው። አፏ ስለሚቆስል ለስላሳ ድርቆሽ በውሃ አርሰው፣ ፉርሽካ በጥብጠው ይስጧት። ውሃ አጠገቧ ይሁን፤ እግሯ አብጦ ወደ ወንዝ መሄድ አትችልም። እብጠቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መሐሉ ሞቶ እንደ ቡሽ ይላቀቃል፣ ጉድጓድ ይተዋል። ቡሹን በኃይል አይንቀሉ። ሲወድቅ ጉድጓዱን በቀዝቃዛ ጨዋማ ውሃ (ለ1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ጨው) አጥበው፣ አዮዲንና የዝንብ መከላከያ ይቀቡ። ትል ከገባ በመቆንጠጫ ለቅመው ያውጡ። የወደቀውን ቡሽና ቅርፊት ሰብስበው ያቃጥሉ፤ ቫይረሱ በደረቀ ቅርፊት ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። በረቱን ጠርገው ካጠቡ በኋላ ከ2 እስከ 3 በመቶ የበረኪና ውሃ ይርጩ፤ ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ማለት ነው። ፋንድያ ሳይጠረግ የተረጨ በረኪና ኃይሉን ፋንድያው ላይ ይጨርሳል።

የክትባት ቀን የሚበላሸው የት ላይ ነው

ክትባቱ ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው፣ አገር ውስጥ ቢሾፍቱ ይመረታል። በየዓመቱ ይደገማል። ጥሩው ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ዝንቡ ከመብዛቱ በፊት ነው።

«ተከትቦ ታመመ» የሚባለው አቤቱታ ሲመረመር ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከአራት አንዱ ነው። ቅዝቃዜው ተቋርጧል፦ ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ ማቅጠኛውም ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ከተቀላቀለ በኋላ መለያው ላይ በተጻፈው ጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልተወጋ ይጣላል። ወይም መርፌውና ሲሪንጁ በአልኮል ወይም በበረኪና ተጠርጎ ክትባቱን ገድሎታል፤ ለሕያው ክትባት የሚሆነው የተቀቀለና የቀዘቀዘ፣ ወይም አዲስ መርፌ ነው። ወይም ከብቱ ቀድሞ ቫይረሱ በሰውነቱ ውስጥ ነበር፤ መከላከያው እስኪያድግ ሁለትና ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ወረርሽኝ መሐል የተከተበ መንጋ ውስጥ ጥቂቱ መታመሙ አይቀርም። አራተኛው አንድ መርፌ ሃምሳ ከብት መውጋቱ ነው፤ ወረርሽኝ ባለበት መርፌው ራሱ ዝንብ ይሆናል። ለየከብቱ መርፌ ይቀይሩ፣ ካልተቻለ ቢያንስ ለየቤቱ።

መጠኑን መለያው ይነግርዎታል፣ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር ነው። አንገት ላይ ቆዳውን ቆንጥጠው አንስተው ከሥሩ ይውጉ። የታመመ ከብት አይከተብም። ከተከተበች ወይም በሽታውን ካለፈች እናት የተወለደ ጥጃ በእንገር ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል፤ ያልተከተበች እናት ጥጃ በማንኛውም ዕድሜ ይከተባል። መርፌው ባረፈበት ቦታ ትንሽ እብጠት መውጣቱና ወተት ለጥቂት ቀን መቀነሱ አያስደነግጥ። ከገበያ የገዙትን ከብት 28 ቀን ለይተው ያቆዩ።

የጋሪ ፈረስና አህያ፦ ሳርኮይድ

ሳርኮይድ በፈረስ፣ በአህያና በበቅሎ ላይ ከሁሉም የቆዳ ዕጢዎች በብዛት የሚታየው ነው፤ ከጀርባው ያለውም የከብቱ ፓፒሎማ ቫይረስ ነው። ልዩነቱ በከብት ይረግፋል፣ በእነዚህ ግን ብዙ ጊዜ አይረግፍም። ወደ ሌላ አካል አይዘምትም፣ ግን በቦታው ይሰፋል። ዓይን ዙሪያ፣ ጆሮ ሥር፣ ደረት፣ ብብትና በኋላ እግሮች መሐል ይመርጣል፤ የቆየ ቁስል ላይም ይበቅላል። አንዳንዱ ፀጉር የረገፈበት አመድማ ክብ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ኪንታሮት ይመስላል፣ አንዳንዱ ከቆዳ ሥር ኳስ ነው፣ ክፉው ደግሞ የማይድን የሚመስል ቀይ ሥጋ ነው።

በጋሪ ፈረሶቻችን ላይ ከኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ ጋር ይምታታል። ያኛው በፈንገስ የሚመጣ ነው፤ እብጠቶቹ በእግርና በአንገት እንደ ገመድ ባበጠ መስመር ላይ ተሰልፈው ይፈነዳሉ፣ መግልም ያወጣሉ። ሳርኮይድ መስመር አይሠራም፣ መግልም የለውም።

ትንሽ፣ የደረቀና የማያድግ ሳርኮይድ እንዳለ ይተዋል፤ ዋናው ሥራ የጋሪው ዕቃ እንዳይፈትገው ማድረግና ዝንብ ማባረር ነው። ለናሙና ጫፉን ቆርጦ መተው ትልቁ ስህተት ነው፤ የተኛው ይነሳል። የሚቆረጥ ከሆነ በዙሪያው ያለ ጤነኛ ቆዳ ተጨምሮ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ሐኪሙም ሥሩን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ያቀልጠዋል። ቆርጦ ብቻ መተው ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ናይትሮጅን የለም ከተባለ ለሰው ሠራሽ ማዳቀል የሚይዘውን ጣቢያ ይጠይቁ። ለፈረስና ለአህያ ከማንኛውም ቢላ በፊት የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) መከላከያ መወጋት አለበት፤ ከቤት እንስሳት ሁሉ በዚህ በሽታ ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው።

በግ፣ ፍየልና ዶሮ

የበግና የፍየል ፈንጣጣ የጉርብርብ ዘመድ ነው፤ ትኩሳት ያለበት፣ ፀጉር በሌለበት ብብት፣ ጭራ ሥርና ፊት ላይ የሚወጣ፣ ሳንባ የሚገባና ግልገል የሚፈጅ። መከላከያው ክትባት ነው። ቅርፊቱ ከንፈርና አፍንጫ ዙሪያ ብቻ ሆኖ ትኩሳት ከሌለ ኦርፍ የሚባለው የአፍ ቁስል በሽታ ሊሆን ይችላል። ኦርፍ በአንድ ወር ገደማ ይድናል፤ ግልገሏ ግን አፏ አሟት ስለማትጠባ ወተት ታልቦ ይሰጣት። ቅርፊቱን አይላጡ፣ ሥሩ ይደማል። ወደ ሰው እጅም ስለሚሻገር ያለ ጓንት አይንኩ።

የዶሮ ፈንጣጣ ኩክኒዋ ላይ ቅርፊት ሲያወጣ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ አፏ ውስጥ ቢጫ ሽፋን ሲሠራ ግን ታፍና ትሞታለች። ክትባቱ ባለ ሁለት ጥርስ መርፌ ተነክሮ ክንፍ መሐል ባለው ስስ ቆዳ ይበሳል፤ ላባውን መጀመሪያ ያግልሉ፣ ደም ሥሩንም ይሽሹ። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ጥቂት ዶሮዎች ይዘው ቦታውን ይዩ፤ ትንሽ እብጠት ወይም ቅርፊት ከሌለ ክትባቱ አልያዘምና ይደገም።

ናሙና

ሐኪሙ ማረጋገጫ ከፈለገ (ሳርኮይድ ከተጠረጠረበት በቀር) ከአዲስ እብጠት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ቆዳ በማደንዘዣ ይወስዳል። ቁራጩ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ዕጢ መሆን አለመሆኑ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ የራሱን አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ሌላው ቫይረስ እንዲፈለግበት ፎርማሊን ሳይነካው በንጹሕ ብልቃጥ በበረዶ ሣጥን ይሄዳል፤ ሁለቱን ፎርማሊን ውስጥ መክተት የተለመደ ስህተት ነው፣ ቫይረሱን ለማሳደግ አይቻልም። ለጉርብርብ የወደቀ ደረቅ ቅርፊትም ጥሩ ናሙና ነው። ብልቃጡ ላይ የእንስሳው መለያ፣ ዕድሜ፣ ዝርያ፣ የክትባት ቀንና እብጠቱ የታየበት ቀን በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በበረዶው ውሃ ይለቃል። ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ወይም ወደ ክልሉ ላቦራቶሪ የሚላከው በወረዳው በኩል ነው። ዓርብ ከሰዓት አይላኩ፤ ሰኞ ሲከፈት በረዶው ቀልጦ ይጠብቃል።